የአውሮፕላኑ ጋቢና

ዓለማችን ብዙ ከባድ ጥያቄዎችን አስተናግዳለች። ወንዙ የማን ነው? ድንበሩ የት ላይ ነው? ዶሮ ቀደመች ወይስ እንቁላል? እነዚህ ሁሉ ግን የአንድ ቡና አምራቾች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ካጋጠመው ጥያቄ አጠገብ ሲቀመጡ የልጆች እንቆቅልሽ ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ለክብሯ ስንል ስሟን በማንጠራት ከተማ ነው። ጥያቄው ይህ ነበር፤ እግሯ የሚያብጥ አንዲት ገበሬ አሮጊት በአውሮፕላን ተጋድማ ልትሄድ ትችላለች ወይ? ጽሕፈት ቤቱ በዚህ ላይ አሥራ አንድ ቀን ተሰበሰበ። ባይሰበሰብ ኖሮ ዝም ብላ ትሄድ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመልካም ዜና ነው፤ ብዙ መከራ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። የወይዘሮ ንጋቷ ቡና በቅምሻ አንደኛ ወጣ። ጀርመን አገር ያለ ገዢ ፉት ብሎት ዓይኑን ጨፈነ አሉ። ዓይኑን ሲገልጥም ይህን ቡና ያደረቀችውን ሴት ልያት፣ በቡና አውደ ርዕያችን ላይ ትገኝልኝ ብሎ የአውሮፕላን ቲኬት ላከ። እግሯን እንደሚያማት ሰምቶ ኖሮ ቲኬቱን የቢዝነስ ክላስ አደረገው፤ ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆንበትን። ሚዛን ያለው ሐኪምም እግሯን አገላብጦ አይቶ፣ እማማ፣ ለረጅም ሰዓት እግርዎን አጥፈው እንዳይቀመጡ፣ ደም ከረጋብዎት እኔም አልደርስልዎትም ብሏት ነበር። እንግዲህ ወንበሩ ለንጋቷ የድሎት ጉዳይ አልነበረም። የሰባት ሰዓቱን መንገድ እግሯን ዘርግታ ከሄደች በእግሯ ትመለሳለች፤ አለዚያ እንጃ።

ንጋቷ ራሷ ግን ስለ እግሯ የተጨነቀችው በሁለተኛ ደረጃ ነው። መጨነቅ ሥራዋ ነው። ዝናብ ቢመጣ ለቡናው፣ ዝናብ ቢቀር ለቡናው፤ ልጅ ቢስቅ ትን ይለዋል ብላ፣ ዝም ቢል አመመው ብላ ትጨነቃለች። ቲኬቱ በስሟ መምጣቱ ሲነገራት መጀመሪያ ያሰበችው የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ አቶ ብርሃነመስቀልን ነው። ያ ልጅ እንዳይቀየመኝ አለች። አቶ ብርሃነመስቀል ልጅ የሚባል አልነበረም፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቦርጩም በር ሲገባ ይቀድመዋል። ቢሆንም እናቱን ታውቃት ነበርና ለእሷ ልጅ ነው።

ስለ ኃላፊ ደግሞ «ተቀየመ» አይባልም። «አካሄዱ መርህን የተከተለ አለመሆኑን ተገነዘበ» ነው የሚባለው። አቶ ብርሃነመስቀል ተገነዘበ፤ ተገንዝቦም የመቀመጫ ደረጃ ምደባ ጊዜያዊ ኮሚቴን አቋቋመ። ከኮሚቴው አባላት መካከል አውሮፕላን ውስጥ የገባ ሰው ስላልነበረ፣ በወንበር ጉዳይ የረጅም ጊዜ ልምድ ያለው ባለሙያ ይጠራ ተባለና የማኅበሩ ሾፌር አለሙ ተጠራ። አለሙ ግራሶ የነካ እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ ገብቶ ጉዳዩን አዳመጠ።

«ከፊት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀ።

«ከፊት ነው።»

«ከሌላው ይሰፋል?»

«በጣም ይሰፋል።»

«እንግዲህ ጋቢና ነዋ» አለ አለሙ፤ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ገለጥ አለ። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ በፒካፑ ጋቢና ከኃላፊው ሌላ የተቀመጠ ፍጡር የለም። አንድ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ከጆንያ ጋር ተጭና ሐኪም ቤት ስትሄድ እንኳ ኃላፊው ጋቢና ሆኖ ጉዞውን በቅርበት ይከታተል ነበር። ሕፃኑም በሰላም ተወልዷል፤ ይህም የአሠራሩን ትክክለኛነት ያረጋግጣል። ስለዚህ ቢዝነስ ክላስ የአውሮፕላን ጋቢና መሆኑ በባለሙያ ስለተመሰከረ፣ ጋቢናም የኃላፊ ስለሆነ፣ ኃላፊው እንዲጋደም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። አንድ የኮሚቴው ሽማግሌ ደስ ብሏቸው «ሲሾም ያልተጋደመ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው መረቁ፤ ይህ በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር ተደረገ።

አንድ ችግር ቀረ። የጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ዘይቱ፣ አንዲት ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በታች ጨርሳ የማታውቀው፣ ቃለ ጉባኤውን ስትጽፍ ብዕሯን አቆመች። ቲኬቱ በእማማ ስም ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ፊትም እርስዎን ብዙ አይመስልም አለችው። ኃላፊው ግን መፍትሔ አላጣም። ማኅበሩ ለእሱ የኋላ ወንበር ቲኬት ይቆርጥለታል፤ አውሮፕላኑ ላይ ሲደርሱ ንጋቷ ወደ ኋላ፣ እሱ ወደ ፊት ይሆናሉ። ይህም «የቦታ ሽግሽግ» ተባለ።

ቴፒ ካምፓስ የምትማረው የንጋቷ የልጅ ልጅ ሆሳዕና ይህን ስትሰማ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዳ የሐኪሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ወረቀቱ በክብር ተስተናገደ። ገቢ ሆነ፣ ቁጥር ተሰጠው፣ ፋይል ተከፈተለት። የንጋቷ እግር ብቻ ፋይሉ ውስጥ አልገባም።

ኃላፊው ሽግሽጉን ራሱ ለንጋቷ ሊነግራት ቡና ማድረቂያው ድረስ ሄደ፤ ይህም ትሕትናውን ያሳያል። እሷ በእንጨትና በሽቦ በተሠራው የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና እያገላበጠች ነበር።

«እማማ፣ አይቀየሙኝም አይደል?»

«ምን ብዬ ነው የምቀየምህ ልጄ? አንተ ብቻ መስኮት አጠገብ እንዳትሆን፤ ነፋስ ይመታሃል።»

«የአውሮፕላን መስኮት አይከፈትም እማማ።»

«እንዲያማ ከሆነ የባሰ ነው፤ ትታፈናለህ።»

የመንገዱ ቀን ደረሰ። ሕግ ሕግ ነውና ንጋቷ በቲኬቷ ቀድማ ገባች፤ ያንን ሰፊ ወንበር አሳዩዋት፣ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። መከራው የመጣው ሌላው መንገደኛ መግባት ሲጀምር ነው። ወደ ኋላ የሚያልፈው ሰው ሁሉ በእሷ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ ማየት ደግሞ በአገሯ ነውር ነው። ንጋቷ ብድግ አለች፤ «ኖር» አለች። ተቀመጠች። ሌላ መጣ፤ ብድግ አለች። ያገሯ ሰዎች «በእግዜር፣ ኧረ ይቀመጡ» እያሉ በሃፍረት አለፉ። ፈረንጆቹ ግን ተቀባይ መስላቸው ቲኬታቸውን ሰጧት፤ እሷም አይታ መለሰችላቸው። አቶ ብርሃነመስቀል ሲደርስ ሰማንያ ያህል ሰው ተቀብላ እግሯ እንደ እንጨት ሆኖ ነበር። ወንበሩን ልትለቅለት ስትነሣ አስተናጋጇ በፈቃድዎ ነው ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ አዎ ልጄ፣ እሱ ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው አለቻት።

ከኋላ ግን ማንም ያላቀደው፣ ማንም ያልወሰነበት ነገር ተፈጠረ። ቦታው ግማሽ በግማሽ ባዶ ነበር። አውሮፕላኑ ተነሥቶ ቀበቶ ሲፈታ አስተናጋጇ የንጋቷን እግር አየችው፤ መካከል ላይ ያሉትን የአራት ወንበሮች ክንድ ማሳረፊያ አንድ በአንድ ወደ ላይ አጠፈች፤ አራት ትራስ ደረደረች፣ ሦስት ብርድ ልብስ አለበሰቻትና ዘርጋ አድርጋ አስተኛቻት። ንጋቷ ግን መተኛት አልቻለችም።

«ጌታ ይባርክሽ። ፊት ያለው ልጄ ተጋድሟል?»

«ተኝተዋል እናቴ።»

«እንግዲያው እባክሽ በየጊዜው አገላብጪልኝ። እኔ የማውቀው አልጋ ላይ የተሰጣ ነገር ካልተገላበጠ ይሻግታል።»

አስተናጋጇ እሺ አለች። ቃሏን ትጠብቅ አትጠብቅ አናውቅም፤ ኃላፊው ግን ሳይሻግት ደርሷል። ሊደርሱ አንድ ሰዓት ሲቀራቸው ነቃ፤ ወይን ጠጣ፣ ሁለት ጊዜ በላ፣ ቁልፎቹን ሁሉ ነካ። ከዚያም ሕዝቡ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለመጎብኘት መጋረጃውን ገልጦ ወደ ኋላ ሄደ። ንጋቷ እንደ ንግሥት ተዘርግታ ታንኮራፋለች። ኃላፊው ወንበሮቹን ቆጠረ፤ እንደገና ቆጠረ። አራት ናቸው። አስተናጋጇን ጠራ።

«ይህ በማን ውሳኔ ነው?»

«ባዶ ስለነበረ ነው ጌታዬ።»

«ለአንድ ገበሬ አራት ወንበር?»

«አዎ።»

«ለእኔ ስንት ነው የተሰጠኝ?»

«አንድ።»

ተመልሶ ሲተኛ ያ አልጋ ጠበበው። እግር ማስገቢያው እንደ ሳጥን ሆነበት። አንድ መሪ ይህን ያህል ሲታለል ዝም ብሎ የሚተኛ አይደለም።

በአውደ ርዕዩ ላይ ኃላፊው ስለ አካባቢው እምቅ አቅም አርባ ደቂቃ ንግግር አደረገ። ቀጥሎ ገዢው ንጋቷን ይህ ቡና እንዴት እንዲህ ጣፈጠ ብሎ ጠየቃት፤ እሷም አልተኛሁለትም፣ አገላበጥኩት አለች። ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። ኃላፊው ግን ይህን አላየም፤ ወንበር ላይ ሆኖ ስለ ወንበር እየጻፈ ነበር። ሊመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰው ሲጠብቁ ጽፎ ጨረሰ፤ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለዘይቱ ላከ። መመሪያው እንዲህ ይላል። «በተደረገው የመስክ ጥናት፣ ከፊት ያለው ክፍል ለአንድ ሰው አንድ ወንበር ብቻ የሚሰጥ፣ ከኋላ ያለው ግን እስከ አራት የሚሰጥ ሆኖ በመገኘቱ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ማናቸውም የማኅበሩ ኃላፊ ከኋላ፣ ማናቸውም ገበሬ ከፊት እንዲቀመጥ ተወስኗል። በማናቸውም ምክንያት ሊሻሻል አይችልም።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር የጨመራት ንጋቷ ለምና እንዳታስለውጠው ነው።

ለንጋቷም ነገራት። እሷ ግን በመስታወቱ በኩል የተሰለፈውን ሕዝብ ስታይ ቆይታ ነበርና ጨነቃት። ተው ልጄ፣ ሰው በዝቷል፣ ከኋላ ትጨናነቃለህ፣ ላንተ ከፊት ይሻልሃል ብላ ለመነችው። ኃላፊው በርኅራኄ ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«እማማ፣ የለመዱትን ጥቅም መተው እንደሚከብድ ይገባኛል» አላት።

የኋላው ክፍል መርፌ መጣያ አልነበረውም። ለኃላፊው ከአራቱ ወንበሮች ሁለተኛው ደረሰው። በቀኙ ክብደት አንሺ የሚመስል ሰው ትከሻውን ይዞ ተቀመጠ፤ ትከሻው ብቻውን አንድ መንገደኛ ነበር። በግራው አንዲት እናት ጥርስ የምታወጣ ልጇን አቅፋለች፤ ልጅቱ የኃላፊው ክራባት ለድዷ ተስማማት። ከፊቱ ያለው ሰው ወንበሩን ወደ ኋላ ሲለቅ የኃላፊው ጉልበት አገጩ ድረስ መጣ። አስተናጋጅ ጠራ።

«ሌሎቹ ሦስት ወንበሮቼ የታሉ?»

«ሰው አለባቸው ጌታዬ።»

«በመመሪያ ተወስኗል እኮ።»

አስተናጋጁ ግራና ቀኙን አየ። «መመሪያው ለእነሱ ደርሷቸዋል?» አለ።

ኃላፊው እንደ ምንም ተነሥቶ እስከ መጋረጃው ሄደ። ንጋቷ እግሯን ዘርግታ ተኝታለች፤ ከመተኛቷ በፊት ለኋላው ልጄ አንድ ብርድ ልብስ ጨምሩለት ብላ አዛ ነበር። ብርድ ልብሱ መጣለት። የሚያስቀምጥበት ቦታ ስላልነበረው ራሱ ላይ አደረገው።

አዲስ አበባ ሲያርፉ ንጋቷ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ወረደች። የራሷንም የኃላፊውንም ቦርሳ የያዘችው እሷ ናት፤ እሱ ወገቡን ይዞ እንደ ተቀመጠ ሆኖ ነበር የሚራመደው። ገና ሳይቀና ስልኩን ከፈተ፤ መመሪያውን ላክኩላችሁ እንጂ እንዳታወጡት ሊል ነው። የዘይቱ መልእክት ቀድሞታል። መመሪያው ተተይቧል፣ ማኅተም ተመቶበታል፣ በየቀበሌው ላሉት ማኅበራት ሁሉ ተሰራጭቷል፣ አንዱ ላሚኔት ሆኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በሥራ ዘመኗ ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በታች ያልጨረሰችው ዘይቱ ይህንን በአንድ ከሰዓት ጨርሳዋለች። ኃላፊው መሻር አልቻለም። ለመሻር ተሳስቻለሁ ማለት ያስፈልጋል፤ የኃላፊ ስህተት ደግሞ በጡረታ ካልሆነ አይታረምም።

ዘንድሮ ገዢው ሁለት የቢዝነስ ክላስ ቲኬት ላከ። አንዱ በንጋቷ ስም፣ ሁለተኛው በራሱ በአቶ ብርሃነመስቀል ስም ነው። ጽሕፈት ቤቱም ላደረጉልን ክብር እያመሰገንን፣ በመመሪያችን መሠረት ኃላፊ ከፊት መቀመጥ ስለማይፈቀድለት ሁለተኛው ቲኬት ወደ ገበሬ እንዲዛወርልን ብሎ መለሰ። ደብዳቤው ላይ የፈረመው ራሱ ኃላፊው ነው።

ንጋቷ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ጠዋት ጽሕፈት ቤት ሄዳ፣ ለዘንድሮ እንኳ ልጁን ፊት አስቀምጡልኝ፣ ወገቡ ገና አልዳነም ብላ ዘይቱን ለመነቻት። ዘይቱ መመሪያ ነው አለቻት። ማን አወጣው ስትል ራሳቸው አለቻት። ንጋቷ በተከፈተው በር ወደ ኃላፊው አየች፤ ለስላሳ ትራስ ላይ በአንድ ጎኑ ተቀምጧል።

«ውይ ልጄን» አለች። «ይህን ሲጽፍ አጠገቡ ተው የሚለው ሰው አልነበረም?»

ዘይቱ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ ከታ ቆለፈች።

«ነበረ እማማ» አለቻት። «ገበሬ ነው ብለው አልሰሙትም።»