ኮባ ያልለበሰው ምሽግ

ፊልም ተቺ ነኝ ባይ ሁሉ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ ጀግና ነው። ራሴን ነው የማማው። ታንክ ሰው ላይ ሲወጣ «ካሜራው ግሩም ነው!» እላለሁ፤ ጭራቅ አንገት ሲቆርጥ «ደሙ ቀለም መሆኑ ያስታውቃል» ብዬ ሻዬን ፉት እላለሁ። ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ቡታጅራ ፊዚክስ የሚያስተምርን ሰው ምን ያስፈራዋል?

ቴሌቪዥን ግን የለኝም። ያለው አከራዬ እትዬ ዘይነባ ሳሎን ነው። እሁድ ከሰዓት ፍላሼን ይዤ ከች እላለሁ፤ እሳቸውም «መምህር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስገድልብን ነው?» እያሉ ቦታ ይለቁልኛል። ልጃቸው ከማል ወታደር ነው። ኔትወርክ እንደልብ ወደማይገኝበት ቦታ ከተላከ ወዲህ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁ አልተሰማም። ስልካቸው ከጉልበታቸው ላይ አይወርድም። እንዲህ ላሉ እናት የጦርነት ፊልም ይዞ የሚሄድ ሰው ጤነኛ ነው? ያለፈው እሁድ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ፊልሙ፣ እውነቱን ልናገር፣ አፍ ያስከፍታል። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ ምሽግ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ውሃ የገባባቸው ወታደሮች! ድንገት ከማል ትዝ ቢለኝ ክው አልኩ። አለቀሱ ይሆን ብዬ ዞር ስል፣ እትዬ ዘይነባ ምሽጉን በባለሙያ ዓይን እየመረመሩት ነው።

«ወላሂ፣ እነዚህ ሰዎች ጉድጓድ አያውቁም» አሉኝ።

እሳቸው ቆጮ ሲቀብሩ ውሃና አፈር እንዳይገባበት ጉድጓዱን ከታች እስከ ላይ የእንሰት ቅጠል፣ ኮባ፣ ሳያለብሱ ምንም አይከቱበትም። ለቆጮ የተደረገ ለሰው ልጅ እንዴት ይነፈጋል? ጄኔራሉ ካርታ ዘርግቶ ሲፎክር «እሱን ተወውና ኮባ አስመጣ!» ይሉታል። ይኸው ስንት ዓመት በጦርነት ፊልም ስለ ድልና ሽንፈት ስፈላሰፍ፣ የወታደሩ እግር መራሱን ልብ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። በጣም ተደነቅሁ፤ ትንሽም አፈርኩ።

ጨዋታ ልቀይር ብዬ የሚያስፈራ ፊልም ከፈትኩ። ብልሃቴን አያችሁልኝ? የሞተች ሴት መንፈስ ስልክ እየደወለች ሰው ትጨርሳለች። ባዶ ቤት ውስጥ ስልኩ ሲጮህ አንዲት ልጅ ትንቀጠቀጣለች፤ እኔ፣ ደምን ከቀለም የምለየው ሊቅ፣ እግሬን ሶፋው ላይ ሰቅዬ ትራስ አቅፌያለሁ። እትዬ ዘይነባ ግን ልጅቷን ተቆጧት።

«አንሺው እንጂ! ሰው ደውሎ ዝም ይባላል? የሚወድሽ ሰው ቢሆንስ?»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሌላ ስልክ ጮኸ። የፊልሙ አይደለም፤ ከጉልበታቸው ላይ ነው። እኔ ፊቴን ትራሱ ውስጥ ቀብሬ በሙሉ ድምፄ «አያንሱት!» ብዬ ጮህኩ።

አነሱት።

«ከማል! ያ ረቢ፣ ከማል!» አሉ። ሳቁ፣ አለቀሱ፣ መልሰው ሳቁ። ምን እየሠራሽ ነው ብሏቸው ይመስለኛል፣ መምህሩ ስልክ ፈርቶ ትራስ ውስጥ መግባቱን ምንም ሳያስቀሩ ነገሩት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ልጄ፣ የምታድርበት ጉድጓድ ኮባ አለው?»

መንፈሷ ከቴሌቪዥኑ ላይ ከጠፋች ቆይታለች። እኔ ግን ትራሱን ከፊቴ አላነሳሁም።