መስኮት ለመጠየቅ የመጡ ሽማግሌዎች

ሰው ሁሉ ያልሠራው አንድ ቤት አለው። እናንተም አላችሁ፤ አትሸሽጉኝ። ምናልባት ሰገነት አለው፣ ምናልባት ደጁ ላይ የኮክ ዛፍ አለው፣ ምናልባትም ከውስጡ ጥርት ብላ የምትታያችሁ አንዲት ክፍል ብቻ ናት፤ የቀረው ጭጋግ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ስብሰባ ላይ አገጫችሁን በእጃችሁ ደግፋችሁ፣ አንዳንዴም (ይቅር ይበለን) ቅዳሴ ቆማችሁ ሐሳባችሁ ሲሸሽ የምትገቡት እዚያ ቤት ነው። ኪራይ አይጠየቅበትም፤ ጣሪያው አያፈስም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው። የለም።

የእኔ ቤት ግን ቢያንስ በወረቀት ላይ ነበረ። ይህን የምለው ለመመጻደቅ ሳይሆን ሙያዬ ስለሆነ ነው። ብቸና ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ የሰው ቤት ፕላን እነድፋለሁ። አርክቴክት ነኝ ማለቴ አይደለም። አርክቴክት መሆን የተመኘሁት ሞጣ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ቅየሳ ተመደብኩ። ቅየሳ መጥፎ ትምህርት አይደለም። ያለውን መሬት በትክክል መለካት ያስተምራል። የሌለውን ቤት ማለም ግን አያስተምርም፤ እሱን በራሴ ጊዜ ተማርኩ።

ለዚህ ትምህርት ባለ ካሬ ደብተር ነበረኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ ጠመዝማዛ ደረጃ አለው፤ ላይኛው ክፍል መጻሕፍት ብቻ የሚቀመጡበት ነው። ቀጥሎ የሠራተኞች የቤት ማኅበር አቋቋምንና መሬት በዕጣ ደረሰኝ። ደስ አለኝ፤ ለካሁት፤ ደስታዬ ትንሽ ቀነሰ። በዚያ ሰፈር የሚፈቀደው በድንጋይ መሠረት ላይ የሚቆም የጭቃ ቤት ስለሆነ ፎቁ ወረደ። ፎቁ ሲወርድ ደረጃው ሥራ ፈታ፤ እሱም ሄደ። መጻሕፍቱ ወደ ሳሎን ተዛወሩ፤ ሳሎኑ ከመኝታ ቤቱ ጋር ተጋባ። ደብተሩን ብታዩት ከእርሳሱ ይልቅ ላጲሱ ብዙ ደክሟል። በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ቤት ሳይነካ የተረፈው አንድ ነገር ነበር፤ ወደ ምዕራብ የሚያይ መስኮት። ወርዱ አንድ ሜትር ከሰማንያ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ከወለሉ ከፍታው ሰማንያ ሳንቲ ሜትር። አንድ ሰው ወንበር ስቦ ክንዱን የሚያሳርፍበት ልክ።

ስለ አንድ መስኮት ይህን ያህል ልፍለፋ ለምን ትሉኝ ይሆናል። ብቸና ከመጣሁ ጀምሮ አምስት ዓመት የኖርኩባት የኪራይ ክፍል መስኮት አልነበራትም። በሩን ስዘጋው እኩለ ቀን ላይ ይመሻል። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤቴ አልገባም ነበር፤ ከከተማው ጫፍ ወጥቼ አንድ ድንጋይ ላይ እቀመጥና ጀምበሯ ከጮቄ ተራራ ኋላ ስትወርድ አያለሁ። ተራራው መጀመሪያ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከዚያ ትከሻው ላይ ወርቅ የፈሰሰ ይመስላል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ያ ሁሉ ሲሆን እኔ አልነድፍም፣ አልለካም፣ ስለ ራሴም አልጠራጠርም። በቀን ውስጥ ሃያ ደቂቃ የማይጠራጠር ሰው እሆናለሁ። ያችን ሃያ ደቂቃ ነበር ቤቴ ውስጥ ላስገባት የፈለግሁት።

አናጢው አስማረ ግድግዳውን ማገር ሲመታ የመስኮቱን ቦታ ክፍት ተወልኝ። በዚያው ቀን ጎረቤቴ እትዬ የሺ ነጠላቸውን አጥብቀው መጡ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ክፍቱን ቦታ ረጋ ብለው አዩት።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«መስኮት ነው እትዬ።»

«ወዴት ነው የሚያይ?»

«ወደ ጮቄ።»

ዞር ብለው የራሳቸውን ጓሮ አዩ። ጌሾው፣ የዶሮ ቆጡ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ።

«ጮቄ እኮ ከእኔ ጓሮ ኋላ ነው» አሉኝና ሄዱ።

አልጮኹም፤ አልተቆጡም። በማግስቱ ግን አስማረ መዶሻውን አላነሣም። ለካ እትዬ የሺ የክርስትና እናቱ ኖረዋል፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ ያችን መስኮት እንደማይሠራት ነገረኝ። በሩን እሠራልሃለሁ፣ ጣሪያውን እመታልሃለሁ፣ እሷን ግን ተወኝ አለኝ። የቢሮ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ፕላኑ ማኅተም አለው፤ ከወሰኑ የሚገባኝን ርቀት ጠብቄያለሁ፤ ሦስት ጊዜ ለክቼዋለሁ። ሌላ አናጢ አምጣና ክፈት አሉኝ።

እኔ ደግሞ ነገር ሲያስጨንቀኝ ወረቀት ለሁለት እከፍላለሁ። በግራ በኩል መስኮቱን ለመክፈት የሚያበቃኝን ምክንያት ጻፍኩ፤ ስምንት ሆነ። በቀኝ በኩል ለመተው የሚያስገድደኝን ጻፍኩ፤ አንድ ብቻ ሆነ፤ «እትዬ የሺ አልጮኹም» የሚል። ስምንቱ ተሰብስበው አንዱን መግፋት አቃታቸው።

ሞጣ ላለችው እናቴ ስልክ ደወልኩ። ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ሽማግሌ ላክ አለችኝ። ለመስኮት? አልኳት።

«ለሚስት ላክ ስልህ ስንት ዓመት እምቢ ብለህ» አለች እየሳቀች፤ «ይሁን፣ ለዚያኛው መልመጃ ይሆንሃል።»

በብቸና ዘመድ የለኝም። ስለዚህ በቀጣዩ ቅዳሜ አጎቴ አያ ይሁኔ አንድ ቄስና አንድ የዕድሜ እኩያቸውን አስከትለው ከሞጣ በጠዋቱ መኪና መጡ። አያ ይሁኔ በጡረታ የተገለሉ አስተማሪ ናቸው፤ በዘመዶቻችን ውስጥ በቁመት የሚስተካከላቸው የለም። ለክብሩ ሲሉ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ነበር። የመስኮቱን ወርድ፣ ቁመትና ከፍታ በንጹህ ወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። አመስግነው፣ አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እስከ ዛሬ እዚያው ያለ ይመስለኛል።

ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ የሚጠየቅለት ሰው አብሮ አይሄድም። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠበቅሁ። እነሱ በእትዬ የሺ ደጅ ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ማንን ልትጠይቁ መጣችሁ ቢባሉ፣ ማንን ሳይሆን ምንን ነው ብለው አስረዱ። እትዬ የሺም ደንቡን አልሳቱም፤ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ አሏቸው። ሦስቱ ፊታቸው እያበራ ወደ ሻይ ቤቱ ገቡ።

«ቀጠሮ ሰጠችን» አሉ አያ ይሁኔ።

ፊቴ ሲጠቁር አይተው ገሠጹኝ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ሰው ከወዴት አገር አይተሃል አሉኝ። ከዚያ ለመስኮት የመጣ ሰው ሳይሆን ሙሽራ ያጨ ሰው እየመሰሉ መኪናቸውን ተሳፈሩ።

ያን ሁለት ሳምንት ግድግዳው ክፍቱን ይዞ ቆየ። ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ክፍቱ ውስጥ እቆም ነበር። ተራራው ልክ ደብተሬ ላይ እንዳለው ይታያል። እጄን በማገሩ ላይ አሳርፌ፣ እዚህ ወንበር፣ እዚህ መጽሐፍ፣ እዚህ ዝምታ እያልኩ አስቀምጣለሁ። አሁን ሳስበው በዚያ ሰዓት አንድም ቀን እትዬ የሺን ጓሯቸው ውስጥ አላየኋቸውም። ለምን ይሆን አላልኩም።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ቀድሞው አልነበረም። አያ ይሁኔ ሻይ እንኳ አላዘዙም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ነገሩኝ። የእትዬ የሺ ባል ከሥራ ሲመለስ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጌሾውንም የተከለው እሱ ነው። ከሞተ ወዲህ እትዬ የሺ በየምሽቱ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ነጠላቸውን አውልቀው ድንጋዩ አጠገብ ይቀመጡና የቀኑን ወሬ ያወሩለታል። ማን አገባ፣ ማን ታመመ፣ ዶሮዋ የት ጣለች። ድምፅ አውጥተው ነው የሚያወሩት። ሰው ቢያይ ለየላት ይላል ብለው ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለክርስትና ልጃቸውም ጭምር። ክፍቱ ከተተወ ጀምሮ ደግሞ አልወጡም።

«‹ልጁን ጀምበሯን አልከለክለውም፤ እኔን ግን አይየኝ› ነው ያለች» አሉ አያ ይሁኔ።

እንግዲህ ምን ተባለ ብዬ ጠየቅሁ።

«ተስማማን። ከሰው ቁመት በላይ ይሁን ብለን ጨርሰናል።»

«የየትኛው ሰው ቁመት?»

አያ ይሁኔ ከኪሳቸው አንድ ሲባጎ አወጡ፤ አንድ ቦታ ላይ ተቋጥሯል። እትዬ የሺ ከሦስቱ ረጅሙ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንዲቆም ጠይቀው ነበር። ረጅሙ ቆሙ። ቄሱ ሲባጎውን ከመሬት እስከ አናታቸው ዘረጉት፤ ቋጠሩት፤ ባረኩት። ባርኔጣው አልወለቀም ነበር።

በሚሊ ሜትር የምነድፍ ሰው ነኝ። ሲባጎውን ወስጄ በሜትሬ ለካሁት፤ አንድ ሜትር ከዘጠና ስምንት። የእኔ ቁመት አንድ ሜትር ከስልሳ አራት ነው። ባርኔጣው ብቻውን ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ እሱንም ለክቼዋለሁ። ግን የተባረከ ቋጠሮ ፍቱልኝ፣ ባርኔጣ ይቀነስልኝ ተብሎ እንዴት ይጠየቃል?

አልስማማም ማለት እችል ነበር። ስምንቱ ምክንያቶች አሁንም ስምንት ናቸው። ግን ደብተሬን በሐሳቤ ገለጥኩት። እዚያ ሥዕል ውስጥ ተራራ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ደመና ሳይቀር አለ፤ ጎረቤት የለም። አሥር ዓመት ስስለው አንድም ሰው አልሳልኩበትም። እንግዲህ ያን መስኮት ከፍቼ ወንበሬን ስቤ እንደ ተቀመጥኩ አሰብኩት፤ ጮቄ ወርቅ ለብሷል፤ ከሥር አንዲት ሴት ራሳቸውን ገልጠው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቀና ሲሉ ያዩኛል፤ ነጠላቸውን አንሥተው ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ያንን ተራራ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? በዚያው ቀን ላጲሴን አነሣሁ።

አስማረ መስኮቱን በሁለት ቀን ጨረሰው። ወርዱን ማንም አልነካብኝም፤ ያው አንድ ሜትር ከሰማንያ ነው። ቁመቱ ግን ከጣሪያው ሥር አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ቀረችው። መስከረም ላይ ገባሁ። አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ስተኛ የሚታየኝ ረጅም የሰማይ ቁራጭ ነው። ተራራ የለም። ግን ከተራራው የሚነሡት ደመናዎች በዚያ በኩል ያልፋሉ፤ በመልካቸው ጮቄ ዛሬ ምን ለብሶ እንደ ዋለ መገመት ለመድኩ። ጀምበሯ ስታዘቀዝቅ ደግሞ ብርሃኗ በትይዩ ግድግዳ ላይ አንድ ቀይ መቀነት ትዘረጋለች። መቀነቷ ቀስ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ጣሪያ ትነካለች፤ ትጠፋለች። በእርሳስ ምልክት አድርጌ አረጋግጫለሁ፤ ሃያ ደቂቃ ነው። ቤቴ ውስጥ ገብታለች ማለት ነው፤ በሌላ በር።

ይህን እያደነቅሁ ሦስተኛው ምሽት ላይ ድምፅ ሰማሁ።

«...የዶሮዋን እንቁላል ዛሬም ብፈልግ አላገኘሁትም፤ እጌሾው ሥር ነው መሰል የምትጥል...»

ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ አናጢ፣ አንድ ነዳፊና አንዲት ባለጉዳይ ተሰብስበን ለዓይን ለካን፣ ለዓይን ቋጠርን፣ ለዓይን አስባረክን። ጆሮ ለማንኛችንም ትዝ አላለንም። ከፍ ያለ መስኮት ደግሞ ከዝቅተኛው የባሰ ጆሮ ነው፤ ቃል በቃል ያስገባል። ተነሣሁ፤ ሣጥን ላይ ቆምኩ፤ ወደ ውጭ ሳላይ የእንጨት መዝጊያውን ዘጋሁት። መቀነቷም አብራ ጠፋች።

ከዚያ ወዲህ የጓሯቸው በር ሲጢጥ ሲል ስሰማ እዘጋለሁ፤ ሲገቡ እከፍታለሁ። በዚያን ጊዜ ጀምበሯ ሄዳለች። ቅዳሜ ማታ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱ የቅዳሜዋ ጀምበር የእኔ ናት። በሳምንት ሃያ ደቂቃ። ከፎቅና ከጠመዝማዛ ደረጃ ጀምሬ እዚህ ደረስኩ፤ እናንተ ከየት ጀምራችሁ የት እንደ ደረሳችሁ አላውቅም፤ እኔ ግን ቅዳሜን ከማክሰኞ ጀምሬ እጠብቃለሁ፤ ያም የራሱ የሆነ ነገር አለው።

ባለፈው ሳምንት እትዬ የሺ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ያን መስኮት ማታ ማታ የምትዘጋው ነፋስ እየፈራህ ነው?»

ሌላ ምን ልበል? አዎ፣ ነፋስ አይስማማኝም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ነፋስ የምትፈራ ሰው ያን ሁሉ ሽማግሌ ከሞጣ ድረስ ምን አስለፋህ?» አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነውልኝ።

በዚያው ምሽት የጓሮው በር ሲጢጥ ሲል እንደ ልማዴ ሣጥኑ ላይ ወጣሁ። ትንሽ ዘገየሁ መሰለኝ፤ መዝጊያው ከመቃኑ ሳይገጥም አንድ ዐረፍተ ነገር አመለጠችኝ።

«ጎረቤታችን ደኅና ልጅ ነው» አሉ እትዬ የሺ፤ «ብቻ ምስኪን...»

የቀረውን አልሰማሁም። ዘግቼው ነበር።