ከሰሉ አፍ ላይ የተወተፈው ቅጠል

እመት ዘርትሁንን የበደላት አያ ጅቦ ጥጋቡ ነው። ስሙን አስቀድሜ የጠራሁት፣ ኋላ ጭብጨባው ሲበዛ እንዳይረሳ ብዬ ነው። ተረት ተረት ስላችሁም «የላም በረት» ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ የበረቱም አጥር ከሰል ሆኖ ተሸጧል።

ዘርትሁን አሮጊት አህያ ነበረች። አያ ጅቦ ደግሞ «ለምለሚቱ ዴሊቨሪ» የሚባል ድርጅት ከፍቶ፣ የጫካውን ዛፍ እያከሰለ በአህያ ጀርባ ቤት ለቤት ያደርስ ነበር። ዛፉ ሲሳሳ እንስሳቱ አጉረመረሙ። የጫካው ንጉሥ አንበሳም፣ እሱ ራሱ የለምለሚቱ ዋና ደንበኛ ሆኖ ሳለ፣ ጉባኤ ጠራ።

አያ ጅቦ እንደ ልማዱ እያነከሰ ተነሣ። «ወገኖቼ፣ ሥጋ እንኳ የተውኩት ለእናንተ ስል ነው፤» አለ። ጥርሱ መሀል የቀረው ጅማት የማን እንደ ሆነ የጠየቀው የለም። «ከእንግዲህ ለምለሚቱ አረንጓዴ ናት። እያንዳንዱ የከሰል ማዳበሪያ አፉ ላይ እርጥብ ቅጠል ይደረግበታል። የምናጓጉዘውም በአህያ ነው። አህያ ጭስ የላትም።»

«ቅጠሉማ ድሮም ነበረ፤» አለች ዘርትሁን። «ከሰሉ እንዳይፈስ መወተፊያ ነው።»

የድርጅቱ ቃል አቀባይ ጦጣ ፈገግ አለች። «ያኔ ውታፍ ነበር፣ እመት። ዛሬ ራእይ ነው።»

ኤሊ አንገቷን አውጥታ፣ «ከሰሉ ሲነድ የሚወጣው ጭስስ?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ የገዢው ጭስ ነው፤» አለች ጦጣ። ተጨበጨበ። ኤሊም አንገቷን መለሰች።

ዘርትሁን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምንጩ ዳር ያለውን ሾላ። ሰባት ውርንጭላ የወለደችው እዚያ ነው። ጀርባዋ ሲላጥ የምታርፈው ከጥላው፣ የምትጠጣውም ከሥሩ ከሚፈልቀው ነው። «ሾላዬን አትንኩብኝ እንጂ እስክሞት እሸከማለሁ፤» አለች።

«ሾላሽን የነካ እኔን ነካ። የእናቴ አጥንት ምስክሬ ነው፤» አለ አያ ጅቦ።

የእናቱን አጥንት ማን እንደ ቆረጠመው አገር ያውቃል። ቢሆንም መሐላ መሐላ ነው ብላ አመነችው። አሮጊት ብትሆንም አህያ ናት።

አንድ ቀን ተጭና ስትሄድ ከማዳበሪያው አፍ፣ ከውታፉ ቅጠል፣ ጆሮዋ ላይ ነጭ ነገር ጠብ አለ። ወተት ነው። ግራር ወተት የለውም፤ ወይራም የለውም፤ ያለው ሾላ ነው። ጭነቷን እንዳዘለች ወደ ምንጩ ሮጠች። ሾላው የለም። ጉቶው ወተቱን ያነባል፣ ከጎኑ የከሰል ክምር ይጨሳል፣ ምንጩ አመድ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል። ጉቶው ላይ ግን «ይህ ዛፍ በለምለሚቱ ዴሊቨሪ ጥበቃ ሥር ነው» የሚል ሰሌዳ ተቸንክሯል።

«ሾላዬ የታለ?» አለችው አያ ጅቦን።

«ምን አስቸኮለሽ? ነገ ጀርባሽ ላይ ይጫናል። ራስሽ ታደርሺዋለሽ፤» አላት በወይራ መፋቂያ ጥርሱን እየፋቀ። «ቅጠሉንም አልጣልነውም። ነገ ንጉሡ ስለ አረንጓዴነታችን ሲሸልመን ከሁሉ ፊት የሚታየው የሱ ቅጠል ነው።»

ባሏም «ተይው፣ አንቺ ሴት፤» አላት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የሷስ ሳያስጥል ይመክራል።

በማግስቱ ጠዋት አህዮቹ ተጭነው ለሰልፍ ሲደረደሩ፣ ዘርትሁን አንገቷን ዘርግታ ከፊቷ የቆመችውን አህያ ውታፍ በጥርሷ መዘዘችና አኘከችው። የሾላዋን ቅጠል ለማንም ጌጥ አልተወችም። ከኋላዋ ያለችው ደግሞ የሷን ጎረሰች፤ የዚያችንም ሌላዋ። ሰልፉ ንጉሡ ፊት ሲደርስ አንድ ቅጠል አልቀረም፤ የመጡበት መንገድ በከሰል ጠቁሯል። ጦጣ ንግግሯን በእጇ እንደ ያዘች ቀረች።

ዘርትሁን ከሰልፉ ወጣች። ለሽልማቱ በተነጠፈው ነጭ ምንጣፍ ላይ ጭነቷን እንዳዘለች ተንከባለለች። የአንበሳው ጎፈር እስኪጠቁር ድረስ ተንከባለለች። ከዚያ ተነሥታ ጆሮዋን አራገፈች።

«ጌታዬ፣ ያዘዙት ደርሷል፤» አለች።