የአቶ ትዕዛዙ ዘመቻ በቡፌው ላይ፣ ስለ አንድ የወርቅ ከንፈር ብርጭቆ

ንዌጥን እንከ፤ እንግዲህ እንጀምር። በዘመነ ማርቆስ፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ቡፌው ከደብረ ኤልያስ በአይሱዙ ተጭኖ ደብረ ማርቆስ በገባ በሠላሳ አንደኛው ዓመት፣ ጀግናችንም ጡረታ በወጡ በአምስተኛው ወር፣ የመዝገብ ቤት ሹም የነበሩት፣ ማኅተም ያዡ፣ ደብዳቤን በቁጥር አስገብተው በቁጥር የሚያስወጡት፣ ፋይል ጠፋ ሲባል እንቅልፍ የማይወስዳቸው አቶ ትዕዛዙ፣ በገዛ ቤታቸው ከቡፌው ብርጭቆ ውኃ ሊጠጡ ቆርጠው ተነሡ። ይህን የምጽፍ እኔ የአጥር ጎረቤታቸው አምደሚካኤል ነኝ። ያየሁትን ጻፍሁ፤ ያላየሁትንም ሚስቴ አይታ ነገረችኝ።

የቡፌውም ዜና እንዲህ ነው። ከዋንዛ የተሠራ፣ እግሮቹ የአንበሳ መዳፍ የሆኑ፣ ሦስት መሳቢያና ሁለት የመስተዋት በር ያለው፣ ከሳሎኑ እኩሌታውን የያዘ የጥንት ዕቃ ነው። ወይዘሮ ብዙዬ፣ የጀግናችን ባለቤት፣ ከአባታቸው ለሠርጋቸው የተሰጣቸው ሲሆን፣ በንጉሡ ጊዜ በአንድ ሹም ግብር ቤት ያገለገለ ነው ይላሉ። ሹሙ ማን እንደ ነበር ግን በጠየቅናቸው ቁጥር ማዕረጉ ከፍ ይላል፤ መጀመሪያ ባላምባራስ ነበረ፣ በፋሲካ ፊታውራሪ ሆኖ አገኘነው፣ ዘንድሮ ደጃዝማች ነው። በውስጡ ስድስት ብርጭቆዎች፣ ከንፈራቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ፣ በተርታ ቆመዋል። የቡፌው ቁልፍ በወይዘሮ ብዙዬ ነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይኖራል። ሕጉም አንድ ነው፤ ብርጭቆው የእንግዳ ነው። እንግዳም ሁሉ እኩል አይደለም፤ ዘመድ በጣሳ፣ የዕድር ሰው በፕላስቲክ ኩባያ፣ የንስሐ አባት በተራ ብርጭቆ ይጠጣሉ፤ የወርቅ ከንፈሩ የሚወጣው ከሩቅ ለመጣ፣ ለማይታወቅና ለተከበረ ሰው ብቻ ነው።

የጦርነቱ ምክንያት በጥር መባቻ ሆነ። ከዩኒቨርሲቲው አንድ ወጣት መምህር ጓሮ ያለችውን ክፍል ሊከራይ መጣ። ወይዘሮ ብዙዬም ቁልፉን ፈትተው በወርቅ ከንፈሩ ውኃ ሰጡት፤ ደገመ፤ ከዚያም ክፍሉ ጠበበኝ ብሎ ሄደ። አቶ ትዕዛዙ አጠገቡ ተቀምጠው ነበር፤ ለእርሳቸው የቀረበላቸው ጆሮው የተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ ነው። ያን ዕለት ልባቸው ተነካ። መሥሪያ ቤት ሳሉ ሰው ከወንበሩ ይነሣላቸው ነበር፤ ቤታቸው ሲገቡ ግን ኪራይ ያልተስማማው መንገደኛ በለጣቸው። ይህን ሲነግሩኝ አልሳቅሁም፤ የሳቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

በማግሥቱ አቤቱታ አቀረቡ። ወይዘሮ ብዙዬም ከማጀት እስከ አጥር በሚሰማ ድምፅ እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦ «ስሙልኝማ! ብርጭቆው የእንግዳ ነው! የቤት ሰው በእጁም ይጠጣል፣ ውኃ ውኃ ነው! አንተ ደግሞ እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ ስድስት የነበረው አምስት ቢሆንብኝ ለሰው ምን ላቀርብ ነው?»

ወእምዝ ጀግናው በኃይል ሞከሩ። ወይዘሮዋ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ጠዋት የሽንኩርት ቢላዋ ይዘው የቡፌውን መቆለፊያ ቢነካኩት፣ ያ አሮጌ ዋንዛ ቀንበር እንደ ጠላች ጊደር ጮኸ፤ ቢላዋው ጎበጠ፤ ሠራዊቱም፣ ማለት ራሳቸው፣ ወደ መኝታ ቤት ሸሸ።

ከዚህ በኋላ እንደ መዝገብ ቤት ሰው አሰቡ። ሕጉ ለእንግዳ ነው ይላል፤ እንግዳ ማን እንደ ሆነ ግን አይደነግግም። ይህን ባገኙ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ በአጥሩ ጠርተው አቀፉኝ።

በጥር ሃያ አራት፣ በዕለተ ሰንበት፣ የሠርጋቸውን ኮት ለበሱ፤ የኮቱ ቁልፍ አልገጥም አለ፣ ክፍቱን ተዉት፤ ክራባት አሰሩ፤ ለወይዘሮዋም እዚያ ድረስ ደርሼ መጣሁ ብለው ወጡ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ ባለ ቅኔው፣ ጠላ ካለበት ቤት ጠፍተው የማያውቁ፤ አለበል፣ የሦስት ጎማ ጌታ፣ የባጃጁ ጥሩምባ ከሆስፒታሉ እስከ ገበያው የሚሰማ፤ እኔም፣ ዝናብ ሳይኖር ጃንጥላ የያዝሁላቸው። ውሻቸውም ተከትሎን ነበር፤ አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ከዳን። በመናኸሪያው ዞረን፣ ገበያውን ከበን፣ አቧራ እስኪለብሱ ጠብቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተነሣንበት ደጅ ደረስን።

አለበል ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቶ አወጀ፦ «ቤቶች! ኧረ ቤቶች! እንግዳ መጥቷል! ከሩቅ የመጣ ነው፣ የተከበረ ነው፣ ውኃ ጠምቶታል!»

ጎረቤቱ ሁሉ በየአጥሩ ብቅ አለ። በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ብዙዬ ክራባቱን አዩ፣ ጃንጥላውን አዩ፣ እኛን አዩ። ስድብ ጠብቀን አንገታችንን ደፋን። እርሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት አንተ ሲሉት የኖሩትን ሰው አንቱ ብለው፣ ሰፈሩ እየሰማ፦ «ይግቡ! ይግቡ! ቤት የእግዚአብሔር ነው! እንኳን ደኅና መጡ!» አሉ።

ገባን። ቋጠሮው ተፈታ፤ ቡፌው ጮኾ ተከፈተ፤ የናፍታሊን ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ወይዘሮ ብዙዬ ብርጭቆውን አጠቡ፣ ወለወሉ፣ ሞሉ፣ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ሰጡ። አቶ ትዕዛዙም ተቀበሉ፣ እጃቸውም አልተንቀጠቀጠም፣ ያንን የደጃዝማች የሚባል ወርቅ ከከንፈራቸው አገናኙ፣ ጠጡም። ውኃው ግን ውኃ ነበር።

ድሉ ከተፈጸመ በኋላ ችግር ጀመረ። ጫማቸው ጠበባቸው፤ እንግዳ ግን ጫማ አያወልቅም። ጋቢያቸው ወንበሩ ላይ ነበር፤ እንግዳ ግን የሰው ጋቢ አያነሣም። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ሁለት ጊዜ አይተው እጃቸውን መለሱ። ወይዘሮ ብዙዬም ትይዩ ተቀምጠው እንደ ወጉ ጠየቁ፤ መንገዱ እንዴት ነበር፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ከብቱ ደኅና ነው፤ ቀጥለውም ባለቤትዎስ እንደምን አሉ ብለው ጠየቁ። ጀግናው ደኅና ናት፣ ይመስገን ብለው መለሱ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ብዙዬ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «መቼም እንግዳን መጠየቅ ነውር የለውም። እኒያ ባለቤትዎ እቤትዎ ውኃ የሚጠጡት በምንድን ነው?»

የአርባ ዓመት ፋይል ቁጥር በቃላቸው የሚያውቁት ሰው ምንጣፉን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ። አያውቁትም። መሪጌታ መቋሚያቸውን መመርመር ጀመሩ። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርሁ፤ የገዛ ሚስቴ በምን እንደምትጠጣ አላውቅምና።

ወይዘሮ ብዙዬ ተነሡ። ከዚያም ብርጭቆውን አጥበው መለሱ፣ ቆለፉ፣ ቁልፉን ቋጠሩ፤ እንግዳ ይሸኛልና እስከ ደጅ ሸኙ። «መንገዱን ያቅናልዎ! ለባለቤትዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ!» አሉ። በሩን ዘጉት፤ መቀርቀሪያውም ሲገባ ሁላችን ሰማን።

መሪጌታ የሠርክ ጸሎት ትዝ አላቸው። አለበል ደንበኛ ደወለለት። እኔም ጃንጥላዬን አጥፌ፣ አጥሬን ተሻግሬ፣ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

ተፈጸመ ዜናሁ። ከቤት ሰው ወገን የወርቅ ከንፈሩን ቀድሞ ለቀመሰ፣ ሕግን በሕግ ለረታ፣ ቢላዋ ጎብጦበት ልቡ ላልጎበጠ፣ ሰፈር ቆሞ በክብር ሲገባ ላየው፣ በክብርም ተሸኝቶ ሲወጣ ላየው፣ ክብር ይገባል፤ ስሙም በመዝገብ ይኑር፤ አሁን ክራባቱን ፈትቶ በእጁ ይዞ፣ በገዛ ደጁ ቆሞ፣ ማን ነው ቢባል ማን ነኝ እንደሚል ለጠፋው፣ ለታላቁ ጀግና ለአቶ ትዕዛዙ።