ከሣጥኑ የወጣ ጆሮ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ማለቂያ የሌለው ሰማያዊ ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር። ከእግሬ ሥር ስሜ በነጭ ፊደል ተጽፏል። ሙሉውን ግን አልያዘውም፤ «መክብብ ኃይለ...» ይልና ሦስት ነጥብ ይከተለዋል። ጎንበስ ብዬ የቀረውን የአባቴን ስም ፈለግሁ፤ የለም። ብዙ አልተከፋሁም፤ ረጅም ስም እንዲህ እንዲቆረጥ ሐሳብ ያቀረብሁት እኔው ነኝ።

ይህ እንዲገባችሁ ሥራዬን ላስረዳ። በትርፍ ጊዜዬ፣ በየአገሩ ከተበተኑ ሰዎች ጋር ሆኜ፣ ማንም በነፃ ወስዶ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጭነው፣ የፈለገም ውስጡን ከፍቶ የሚያሻሽለው ሶፍትዌር እሠራለሁ። የእኔ ድርሻ መልኩ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሚታዩት ትንንሽ ምልክቶች፣ ቀለማቸው፣ የማዕዘናቸው ክብነት። ደመወዝም አለቃም የለም። ሁሉም ሐሳብ ይሰጣል፤ እኔ አዳምጣለሁ፤ በመጨረሻ መወሰንም የእኔ ፈንታ ነው።

ማታ ደሴ ያለችው ባልደረባችን ሐረገወይን የተሰረዙ ፋይሎች ለሚከማቹበት ቦታ አዲስ ምልክት ሥላ ልካ ነበር። እስከ ዛሬ የነበረው ምልክት በእግር ሲረገጥ የሚከፈት የብረት ቅርጫት ነው፤ በእኛ ሠፈር እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው አላውቅም። እሷ የሣለችው ማዳበሪያ ነው፤ ቆሻሻ ሞልቶት አፉ የታሰረ፣ ሁለት ጆሮዎቹ ወደ ላይ የቆሙ። ችግሩ ጆሮዎቹ ናቸው። እያንዳንዱ ምልክት የሚሣልበት የማይታይ ሣጥን አለ፤ ጆሮዎቹ ከሣጥኑ በሁለት የስክሪን ነጥብ ወጥተዋል። ይቆረጡ የሚሉ መጡ፤ ይቆዩ የሚሉም መጡ። ሐረገወይን «መክብብ፣ እባክህ አንተ ወስን፤ ሲነጋ እትሙ ይዘጋል፤ ከዚያ ምንም አይለወጥም» ብላ ጻፈች። እኔም «አስተያየትሽን በአክብሮት ተቀብለናል፤ የሌሎችንም እንስማ» ብዬ መለስሁላት። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ስለምጽፈው አንድ ቁልፍ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ቁልፉን ስነካው ራሱ ጽፎ ራሱ ይልካል። ከዚያ ሐሳቤን ልሰብስብ ብዬ ራሴን ላፍታ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍሁ።

እና ሰማያዊው ሜዳ ላይ ብቻዬን አልነበርሁም። የሠፈራችን ሰው ሁሉ ስሙ ከእግሩ ሥር ተጽፎ በረድፍ ቆሟል። የተደረደርነው በፊደል ተራ ነበር። ጎረቤታችን አቶ ዘሪሁን «ዘ» ላይ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ልኬለሽ «ለ» ላይ ስለዋሉ ከሩቅ ነበር የሚነጋገሩት።

«ቁልፉን የት አደረግሽው?»

«ከምጣዱ ጀርባ!»

«አይሰማም።»

«መቼ ሰምተህ ታውቃለህ።»

ወዲያው የማይታይ እጅ በመጠን ደረደረን። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ንግግራቸውም ቆመ።

አንድ ትልቅ ነጭ ቀስት ከሰማይ ወርዶ ደረቴን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገኝ። እንደ መስኮት ተከፈትሁ። ውስጤ ግማሽ ዳቦና ለትምህርት ቤት ያልመለስሁት መጽሐፍ ነበር። ቀስቱ «እሱ ነው» አለ፤ ዘጋኝና እየጎተተ ወሰደኝ።

አዳራሽ ውስጥ ምልክቶች ላፕቶፖቻቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። እዚያ ሰውን የሚሥሉት እነሱ ናቸው። ግድግዳው ላይ ያለፈው እትም ሰዎች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ክብ፣ ሁሉም ፈገግ ያሉ፣ ከንፈር ያለው ግን አንድም የለም። ፎልደር ሆዱን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ሻይ ይጠጣል። ሰዓት ከአጠገቡ ተቀምጦ በየደቂቃው እጁን ያወጣል። አጉሊ መነጽር የምታናግረው ሰው አፍንጫ ድረስ ትጠጋለች። ሰብሳቢው ማዳበሪያ ነበር፤ አፉ የታሰረ፣ ሙሉ፣ ግን ጆሮ የሌለው፣ እንደ እንቁላል ልሙጥ። ከወንበሩ እየተንሸራተተ ይወድቃል። ሁለት ምልክቶች ሊያነሡት ይሞክራሉ፤ የሚያዝበት ያጡና ይተዉታል። ስብሰባውን የመራው ወለል ላይ ሆኖ ነው።

«አቶ መክብብ፣ እንኳን ደኅና መጡ» አለ ከታች። «የተሰበሰብነው ስለ ጆሮዎ ነው።»

የእኔ ጆሮ ወጣ ያለ ነው። የአባቴም እንዲሁ ነው፤ እናቴ ሁለታችንን ባለ እጀታ ድስት ትለናለች።

«ግራው ከሣጥኑ በሁለት ነጥብ ወጥቷል» አለች አጉሊ መነጽር ተጠግታኝ። «ቀኙም ወጥቷል። የግራው ግን ይብሳል።»

«ይሰማበታል እኮ» አልሁ።

«ማን?»

«እኔ።»

«እርስዎ ተጠቃሚ አይደሉም» አለ ፎልደር ሻዩን እያማሰለ። «እርስዎ ምልክት ነዎት።»

ሰዓት እጁን አወጣ። «እኔ ጆሮ አልቃወምም። ጆሮ ይኑረው። ወደ ውስጥ ይሁን እንጂ።»

«ወደ ውስጥ እንዴት?»

«ይታጠፍ። ንጹሕ ይሆናል።»

«አንድ ጆሮ ብቻ ቢሆንስ?» አለች አጉሊ መነጽር። «መሐል ላይ።»

ሰብሳቢው የሁሉንም ሐሳብ አንድ በአንድ አመሰገነ። እኔም ጆሮዬን እንደወደድሁት ተናገርሁ። «አስተያየትዎን በአክብሮት ተቀብለናል፤ የሌሎችንም እንስማ» አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን የት እንደማውቀው ማስታወስ አቃተኝ፤ ጨዋ ዓረፍተ ነገር መሰለኝ።

«ይቅርታ፣ ክቡር ሰብሳቢ» አልሁ፣ «የእርስዎ ጆሮዎችስ?»

«ነበሩኝ። ተቆረጡ።»

«ማን ቆረጣቸው?»

«አንድ ጨዋ ልጅ። አልተቆጣኝም፤ ድምፁንም ከፍ አላደረገብኝ። በትዕግሥት ሲሰማኝ፣ ሲሰማኝ ከረመና ቆረጣቸው።»

«አመመዎት?»

«መቆረጡስ አላመመኝም» አለ። «የቸገረኝ መነሣቱ ነው።»

በዚህ መሐል አዳራሹ ፀጉር ቤት ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ላጲስ ነበር፤ ግማሽ ጎኑ ያለቀ ሽማግሌ ላጲስ፣ ትከሻው ላይ ፎጣ ጣል ያደረገ። ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝና ፔዳሉን ረገጠ። ወንበሩ ዝቅ ባለ ቁጥር እኔም አነስሁ።

«ማንም ሰው በትልቁ ያምራል» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። «ወንድሜ፣ ሰው የሚፈተነው ሲያንስ ነው።»

መጀመሪያ ጣቶቼ አንድ ላይ ተጣበቁ። ቀጥሎ ቁልፎቼ ከሸሚዜ ጠፉ። መጨረሻ ላይ ዓይኖቼ አንድ አንድ ነጥብ፣ አፌም አንድ ነጥብ ሆነ።

«ጆሮዎቹን ለሙከራ ያህል ብቻ ላንሣቸው?» አለ ላጲስ።

«ይመለሳሉ?»

«እስከ አሁን የጠየቀ የለም።»

አነሣቸውና ፎጣው ላይ አስቀመጣቸው።

እናቴን አመጧት። ወይዘሮ የሺመቤት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የማንበቢያ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አዳራሹ መሐል ቆመች። ከፊቷ አንድ ረድፍ ትንንሽ ሰዎች ደረደሩ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

«አይጨነቁ፣ እማማ» አላት ፎልደር። «የምንፈትነው እርስዎን አይደለም፤ ልጁን ነው። ካላገኙት ጥፋቱ የእሱ ነው።»

«ልጄ ምን አድርጎ ነው?»

«ወጥቶ ነው።»

«ከየት?»

«ከሣጥኑ።»

«ይግባላ» አለች እናቴ። «ለዚህ ነው ከቤት ያስመጣችሁኝ?»

ረድፉን እያየች ሄደች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ይሄስ የማን ልጅ ነው? እንዴት ነው የሳሳው። እናት የለውም?» አለች። ልጠራት ፈለግሁ፤ ካንድ ነጥብ የሚወጣው ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነበር። «እ» አልሁ። «አይዞህ» አለችኝና አለፈች።

ከዚያ ላጲስ ጆሮዎቼን መልሶ ለጠፈልኝ። እናቴን አስወጥተው እንደ ገና አስገቧት። ገና በሩ ላይ ሳለች፣ ያለ መነጽር፣ በጣቷ ጠቆመችኝ።

«ያውና። አንተ ልጅ፣ እዚህ ምን ገተረህ? ምሳ ቀርቧል።»

ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ።

«በጣም ጥሩ ውጤት ነው» አለ ፎልደር። «ግን አንዲት እናት ናቸው።»

«የሌሎች እናቶች ሐሳብ አልተሰማም» አለ ሰዓት።

«ሌሎች እናቶች ምን ያደርጉታል?» አለች እናቴ።

«አስተያየትዎን በአክብሮት...»

«አስተያየቴን ተዉትና ልጄን ስጡኝ።»

ቀስቱ መጣና እናቴን እየጎተተ «የ» ከሚባለው ረድፍ መሐል አቆማት። ድምፅዋ ግን ይሰማ ነበር፤ ወጡ እየቀዘቀዘ መሆኑን ትናገራለች።

ሰብሳቢው ወለሉ ላይ እየተንከባለለ እግሬ ድረስ መጣ። «አቶ መክብብ፣ ሁሉንም ሰማን። አሁን የመጨረሻው ቃል የእርስዎ ነው። ይቆይ ካሉ ይቆያል፤ ይቆረጥ ካሉ ይቆረጣል። አንድ ቃል ብቻ ይበቃናል።»

ምልክቶቹ በሙሉ ጣቶቻቸውን ቁልፍ ላይ አድርገው ጠበቁኝ። መልሱን አውቀው ነበር። ጆሮው የእኔ ነው፤ እናቴ የለየችኝም በእሱ ነው። ነጥብ የነበረው አፌ እንደ ገና አፍ ሆኖ ተከፈተ።

«የሁሉም ሐሳብ ተገቢ ነው» አልሁ።

አጨበጨቡ። ፎልደር በስሜት ክዳኑን ከፍቶ ዘጋ። «እንዲህ ያለ ሚዛናዊ ሰው አይተን አናውቅም» አለች አጉሊ መነጽር፤ ዓይኗን ጠረገች።

ሁለት በር ፊት አቆሙኝ። አንደኛው «ይቆይ»፣ ሁለተኛው «ይቆረጥ» ነው አሉኝ። ሁለቱም ግራጫ ነበሩ፤ ጽሑፋቸውም ግራጫ ነው። ምንም አይነበብም።

«ይህን ቀለም ማን መረጠው?» ብዬ ቀስቱን ጠየቅሁት።

«ቀይ የሚሉ ነበሩ፤ አረንጓዴ የሚሉም ነበሩ» አለ። «ማንም እንዳይከፋው ሁሉንም ቀላቀልከው።»

በእጄ ዳብሼ አንዱን ገፋሁት። ላጲስ ፎጣውን ይዞ ቆሟል።

«መጣህ?» አለኝ። «ግራውን አስቀድም፤ እሱ ይብሳል ብለዋል።»

ግራ ጆሮዬን ያሽ ጀመር። አያምም፤ ይሞቃል ብቻ። እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ትከሻዬ ላይ ሲራገፍ ይታወቀኛል። ይቆይ ልል ታገልሁ፤ አፌ ግን ዳግም ነጥብ ሆኗል። ይቆይ፤ ሌላ ምንም የለውም፣ አንድ ቃል ነው። «እ» አልሁ። «በርታ» አለኝ ላጲስ። ባለ በሌለ ኃይሌ አፌን ስከፍት ነቃሁ።

ነግቷል። ግራ ጆሮዬ የላፕቶፑ ቁልፎች ላይ ተደፍቶ ኖሯል። ብድግ ስል ይቃጠላል፤ ስዳስሰው የቁልፎቹ ቅርጽ ታትሞበታል።

ስክሪኑን አየሁ። ውይይታችን ከላይ እስከ ታች በእኔ ስም ተሞልቷል። አስተያየትሽን በአክብሮት ተቀብለናል፤ የሌሎችንም እንስማ። አስተያየትሽን በአክብሮት ተቀብለናል፤ የሌሎችንም እንስማ። ወደ ታች ብወርድ፣ ብወርድ አያልቅም። መሐል መሐል ላይ ሐረገወይን አለች።

«ሰማሁህ እኮ።»

«እሺ፣ ሌሎች ማለት እነማን ናቸው?»

«መክብብ፣ እየቀለድክ ነው?»

ከዚያ እንደ ገና የእኔ ዓረፍተ ነገር ረጅም መንገድ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ብላለች፦ «በቃ ገባኝ። አይሆንም ማለት ከብዶህ ነው። ጆሮዎቹን ቆርጬ አስገብቼዋለሁ። በጨዋነት ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ።» ሌሎች ሰዎች ከሥሯ የአውራ ጣት ምልክት አድርገዋል። ከሁሉም በታች «እትሙ ተዘግቷል» ይላል። ምልክቱም አለ፤ ልሙጥ፣ ክብ፣ ሣጥኑ ውስጥ ልክክ ያለ። ድንች ይመስላል።

«መክብብ» አለች እናቴ ከግቢ። «ቆሻሻ የሚወስዱት ልጆች መጥተዋል። ማዳበሪያውን አውጣላቸው።»

ወጣሁ። በሩ አጠገብ አፉ ታስሮ ቆሟል። ሁለት ጆሮዎቹ ወደ ላይ ቀጥ ብለዋል። ጋሪ የያዘው ልጅ ውጭ ያፏጫል።

«ምን ገተረህ?» አለችኝ እናቴ። «በጆሮው ይዘህ አንሣዋ።»

በጆሮው ያዝሁት። ሌላ መያዣ የለውም።