ነርስነት ያዋጣል ወይ?

ሰው ታሞ ሐኪም ቤት ሲመጣ ስለ ሕመሙ የሚያወራ ይመስላችኋል? እንግዲያው አርብ ገበያ ክሊኒክ ተቀምጣችሁ አታውቁም። እኛ ዘንድ፣ በተለይ በገበያ ቀን፣ ሰውየው አህያውን አጥሩ ላይ አስሮ ይገባና ገና ሳይቀመጥ «ለመሆኑ ስንት ይከፍሉሻል?» ይላል። ሳል ያጣደፈው ሽማግሌ ደመወዜን ሲጠይቅ ሳሉ ቀጥ እንደሚል በዓይኔ አይቻለሁ። መድኃኒትነት እንዳለው ቀድሜ ባውቅ ኖሮ በጠርሙስ እያደረግሁ እሰጥ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሴት ልጅ ያስተማረ አባት ሁሉ ሒሳብ ይዟል። ልጅቱን ነርስ ለማድረግ ስንት ይበደራል? ስትመረቅ ምን ታመጣለች? ዕዳውስ መቼ ይወጣል? ለዚህ ሒሳብ አገሩ ያገኘው ምሳሌ አንድ ብቻ ነው፤ እኔ! ሌላውን ሁሉ ይስጣችሁ እንጂ፣ ምሳሌ መሆንን አይስጣችሁ።

ጎንደር ነርስ ትምህርት ቤት ልገባ ስል ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ መክሮብኛል። የእኔን አሳብ የጠየቀ የለም፤ ቢጠይቁኝም ከጓዳ አልወጣም ነበር። ገሚሱ አስተማሪ ትሁን አለ። ቤተ ልሔም ደብር ዜማ የሚያስተምሩት አጎቴ መሪጌታ ግን ሁለቱን ደመወዝ በጣታቸው ሲያመዛዝኑ ቆይተው፣ ነርሷን መንግሥት እያበላ ያስተምራታል፣ ስለዚህ ዕዳው የመንገድና የልብስ ብቻ ነው ሲሉ ነገሩ ተቆረጠ።

«የመንገድና የልብስ ብቻ» የተባለው ዕዳ፣ ቀድሞ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ስማር ከተበላው ስንቅና ከቤት ኪራዩ ጋር ሲደመር እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። አባቴም ከቤታችን በታች ያለችውን የጤፍ ማሳ ለግራዝማች አየለ ወለድ አገድ ሰጠ። ወለድ አገድን ለማያውቅ ከተሜ ልንገረው፦ አበዳሪው ወለድ አይቀበልም፤ በወለዱ ፈንታ መሬትህን እያረሰ ይበላል። ዋናውን ስትመልስለት መሬትህን ይለቅልሃል። ታዲያ የምትመልሰው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ መሬቱ ባዶ ሳለ ነው። ሞፈር ከገባበት ወርቅ ብታፈስለትም «ለከርሞ!» ይልሃል።

ተመርቄ ደብረ ታቦር ተመደብሁ። ማሳውን ላስለቅቅ የመጣሁት በሐምሌ ነው። መሬቱ ታርሶ ለስልሷል። ግራዝማች ሳቅ ብለው «ለከርሞ ነው እንግዲህ፣ ልጄ» አሉኝ። በከርሞውም በሐምሌ መጣሁ። ለከርሞ! በሦስተኛውም እንዲሁ። አባቴ በግኖ፣ ይህን ሁሉ ፊደል ስትቆጥሪ ወር መቁጠር እንዴት አቃተሽ፣ ጥር የሚባል ወር እንዳለ አልነገሩሽም ወይ አለኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «ፈቃድ የማገኘው በክረምት ነው፣ አባዬ» አልሁ። አገሩ ግን አላመነኝም። ገንዘቡ ቢሞላላት በጥር ትመጣ ነበር፣ ሐምሌን ሰበብ አደረገች እንጂ እጇ ባዶ ነው ተባለ።

በመጨረሻ የግራዝማች ልጅ ይርጋ ሽማግሌ ላከና ተጋባን፤ እኔም ወደዚሁ ክሊኒክ ተዛወርሁ። ግራዝማችም ለጥሎሽ ይሁን ብለው ማሳውን ለአባቴ ለቀቁ። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው? «በደመወዟ ያቃታትን በጋብቻ ከፈለችው፤ ወይ ብልጠት!» ተባለልኝ። አባቴ ራሱ፣ ልጄ ቤሳ ሳታስወጣኝ መሬቴን አስመለሰች እያለ በየሰንበቴው ይኩራራል። እኔም ብልጥ ሲሉኝ ብልጥ ሆኜ ኖርሁ።

ባለፈው ዓርብ ታዲያ የአባቴ የድንበር ጎረቤት አያ ጫኔ መጡ። ልጃቸው እናና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ከኋላቸው ቆማለች። «ወገቤን» አሉ፤ ወገባቸውን ሳላይ ደመወዜን ጠየቁ። ነገርኋቸው። ጣታቸውን ሲያጥፉና ሲዘረጉ ቆዩና «አያዋጣም» አሉ።

ያዋጣል አልኋቸው።

«ተይ እንጂ! በአንቺ አይተነው የለም? ሦስት ዓመት ሙሉ ሠርተሽ አንዲት ማሳ አልወጣችም። የነርስነት ትርፉ ባል ነው። እኔም እናናን የማስተምራት ማሳዬን ጎረምሳ ልጅ ላለው ሀብታም አሲዤ ነው፤ የቀረውን እሷ እንደ አንቺ ትጨርሰዋለች» አሉኝ።

እናና መሬት መሬት ታያለች። የበሽተኛ ትውከት እየጠረግሁ፣ ምጥ ይዟት ከስማዳ በቃሬዛ የመጣችውን እያዋለድሁ ያገኘሁት ደመወዝ አያዋጣም ተብሎ በፊቷ ሲረክስ ሰማችልኝ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። እኔ ጠላ በአፌ አይዞርም፤ የእኔን ያወጣው ንዴት ነው።

«ገንዘቡ በእጄ ነበር!» አልሁ። «በመጀመሪያው ዓመት ሞልቶልኛል! በጥር ፈቃድ ውጪ ሲሉኝ ተራዬን ለጓደኛዬ እየለቀቅሁ፣ ሐምሌን ለምኜ የምወስድ እኔው ነኝ!»

አያ ጫኔ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ምነው? ምን ነካሽ?»

ምን ልበላቸው? ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ወረቀት ዓይን የለውም። ማሳውን የሚያርሰው ይርጋ ነበር። በሐምሌ ዶፉ ሲወርድ በሬዎቹን ይፈታና ከቤታችን ይጠለላል። እናቴ «ግባ እንጂ፣ የሰው ልጅ» ትለዋለች። እኔ ቆሎ አቀርባለሁ። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። ዝናቡ ብቻ ያወራል። ማሳው ከተመለሰ ግን የሚያርሰው አባቴ ነው፤ የሚጠለለውም አባቴ! አሁን በማን ሞኝነት ነው በጥር የምከፍለው? ለመሬት ብላ አገባችው ሲሉኝ ቻልሁት። ወዳው ነው ቢሉኝ ግን በየት በኩል ገበያ እወጣ ነበር?

ለአያ ጫኔ «እንዲያው... የፈቃድ ነገር» ብዬ ፊቴን ወደ መድኃኒቱ መደርደሪያ አዞርሁ። እሳቸው አልገባቸውም። እናና ግን ገባት፤ ነጠላዋ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት።

አያ ጫኔን የያዛቸው ሌላ ነው። ያ ገንዘብ ታዲያ ዛሬ የት ደረሰ አሉኝ። ከሣጥኔ ነው አልሁ፤ ቢወጣ ምስጢሬም አብሮት ይወጣል ብዬ ነክቼው አላውቅም። ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ነው? አዎ፣ ሥራ ፈትቶ። ያን ጊዜ ወገባቸው ያለ መርፌ ቀጥ አለ።

«እንግዲያማ የሰው ደጅ ምን ያስጠናኛል! ማሳዬን ለአንቺው ላሲዝሽና ልጄ ትማር። ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ይሞላል አላልሽም? ነርስነት ያዋጣል!»

ወይ ሰው! አሁን ከአፍታ በፊት አያዋጣም ሲሉኝ አልነበረም? ቢሆንም እሺ አልሁ። አንዲት ልጅ ማሳዋን በደመወዟ፣ በጥር፣ በጠራራ ፀሐይ ስታስመልስ አገሩ ይይና አፉን ይያዝ። ብቻ ባሌ እርሻ በዝቶበታልና ማሳውን የሚያርስልኝ ታናሽ ወንድሙ ሞላ ይሆናል አልኋቸው።

የእናና ሳቅ ተቋረጠ። ነጠላዋን ከአፍንጫዋ ወደ ዓይኗ ከፍ አደረገችና፣ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፦ «እትዬ፣ ሐምሌን የሚለምኑት ማንን ነው?»