ካልበራ አንወርድም

ስለ ካሜራ አትጠይቁኝ ብዬ ስንት ጊዜ ልለምን? ሰቆጣ ውስጥ ካሜራ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው። ከስቱዲዮዬ በር ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና፣ «አንተ ፎቶ፣ ለኮንሰርት የሚሆን የትኛው ይሻላል?» ይለኛል። ስሜ ፎቶ አይደለም። እውነተኛ ስሜን ግን ከባለቤቴና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ባለቤቴም የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነው። ሰውየው ደግሞ የሚጠይቀኝ እንድመልስለት መሰላችሁ? ካሜራውን አስቀድሞ መርጦ ጨርሷል። እኔ እንዳሞግስለት ነው የመጣው። እኔም አሞግሳለሁ፤ ምን ቸገረኝ?

የሚያስቀው፣ ስለ ኮንሰርት ካሜራ በከተማው ውስጥ ከኔ የባሰ የተሳሳተ ሰው አለመኖሩ ነው። እስቲ ላጫውታችሁ።

ባለፈው ዓመት የሻደይ በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እትዬ ትርንጎ ከደሃና ወረዳ መጡ። ጫማቸው የክረምቱን ጭቃ እንደተሸከመ ገቡና ከመቀነታቸው ጫፍ አንድ ጉርድ ፎቶ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ። የልጃቸው የዝናሽ ፎቶ ነው። ዝናሽ በከተማችን የኪነት ቡድን ውስጥ ዘፋኝ ናት። ዓረብ አገር ልትሄድ ጉዳይዋ ሁሉ አልቆ በዓሉ እስኪያልፍ ብቻ ነበር የምትጠብቀው። ፎቶውን ለፓስፖርት ያነሳሁት እኔው ነኝ። ከንፈሯን ገጥማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ የሰው ፍየል ሰርቃ የተያዘች ትመስላለች። ምን ላድርግ፣ አትሳቂ የሚለው ሕጉ ነው።

«ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም» አሉኝ እትዬ ትርንጎ። «የኔ ልጅ አፏ ተገጥሞ አያውቅም። በበዓሉ ስትዘፍን አንሳልኝ፣ የኔ ጌታ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ። ቤቴ እሰቅለዋለሁ። መቼ እንደምትመለስ አላውቅ።»

አንጀቴን በሉኝ። እሳቸው ያላቸው የልጃቸው ፎቶ ያ ብቻ ነው፤ እሱም የኔ ሥራ። «ለኔ ይተዉት፣ እትዬ» አልኩና ደረቴን መታሁ። አሁን ሳስበው ያን ደረት ባልመታው ጥሩ ነበር።

ሰው ቃል ሲገባ ምን ያደርጋል? ሥራውን ይሠራል። ፎቶ አንሺ ቃል ሲገባ ግን ዕቃ ይገዛል። ስልኬን ከፍቼ ፈረንጆቹ ስለ ኮንሰርት ፎቶ የሚሉትን መመልከት ጀመርኩ። አንድ ጺማም ሰውዬ ነበር፣ ትምህርቱ ማር ማር የሚል። ዘፋኝ በፍላሽ አይነሳም፣ አለ፤ ዓይኑን ትወጋዋለህ፣ የመድረኩንም መብራት ትገድለዋለህ። በጨለማ የሚያይ ዓይነ ሰፊ ሌንስ ግዛ። እንዳትታይ ጥቁር ልበስ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዘፈኖች አንሥተህ ውጣ። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ በደብተር ጻፍኩ። ያን ሰውዬ አንድ ቀን ሰቆጣ ባገኘው የማደርገውን እኔ አውቃለሁ።

ምክሩን ሻይ ቤት ሄጄ ለጌጡ ነገርኩት። ጌጡ መናኸሪያው አጠገብ ስቱዲዮ ያለው ባላንጣዬ ነው። ካሜራው አሮጌ ናት፣ የባትሪ ክዳኗ በፕላስተር የተጠቀለለ። ፍላሹ ግን ጉድ ነው። አንዴ ካበራ ሙሽራው እስከ ምሳ ድረስ ሚዜውን ከአማቱ አይለይም። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ያለ ፍላሽ? ሰቆጣ ውስጥ?» አለና ሻዩን እስኪተፋ ሳቀ። ቅናት ነው ብዬ አለፍኩት።

ሞተር ሳይክሌን ሸጥኩ። ሌንሱም ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጣ። የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። ባለቤቴ አንስታ መዘነችውና፣ «ይኼ ደግሞ ገበያ ያደርሰናል?» ብላ መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ግን ዶሮዋን ጓዳ አስገብቼ፣ በር ዘግቼ፣ በዚያ ጨለማ አነሳኋት። እናንተ! ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ደስታዬ ወሰን አጣ። ዶሮን ያነሳ ዝናሽን ያቅተዋል?

ቀኑ ደረሰ። ልጃገረዶቹ ሻደይ የሚሉትን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ሹሩባቸውን ተሠርተው ከተማውን ሞልተውታል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ኮንሰርት አለ። እኔ ፍላሼን ቤት ትቼ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሼ ወጣሁ። ገና ከቤቴ ሃምሳ እርምጃ ሳልርቅ አንዲት ጎረቤቴ ደረቷን ይዛ፣ «ማን ሞተብህ?» አለችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት። አላመነችም። አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ሦስት ሰው እግዜር ያጥናህ ብሎኛል፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሐዘንተኛ ኮንሰርት ምን ያደርጋል ብለው ተቆጡኝ።

ጺማሙ ሰውዬ ስለ መክፈቻ ንግግር አልነገረኝም። በሱ አገር ዘፈን የሚጀመረው በዘፈን ነው መሰለኝ። እኛ ዘንድ ንግግር አለ፣ ከንግግሩ በኋላ መልእክት አለ፣ ከመልእክቱ በኋላ ምስጋና አለ። ተናጋሪው ሁሉ መነሳት ይፈልጋል። አንዱ ባትሪዬ ገና ማሲንቆ ሳይቃኝ አለቀ። ስለዚህ የኮንሰርት ዕቃ የምትገዙ ሰዎች፣ ከሌንሱ በፊት ትርፍ ባትሪ ያዙ። ይቺ ምክሬ እንኳ እውነተኛ ናት።

በመጨረሻ ዝናሽ ወጣች። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ጀመረችው። እትዬ ትርንጎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፤ መድረኩ ላይ ቀይና ሰማያዊ መብራት ይዞራል። ሌንሴ ግን ሁሉን ያያል። ፊቷ ቁልጭ አለልኝ። ጣቴን የካሜራው ቁልፍ ላይ ሳሳርፍ አንድ ሰፊ ሱፍ ልብስ መጥቶ ከፊቷ ተገተረ።

ታውቁታላችሁ፣ እኛ አገር ዘፈን የወደደ ሰው ቁጭ ብሎ አያጨበጭብም። መድረክ ወጥቶ ብር በዘፋኙ ግንባር ላይ ይለጥፋል። ለጥፎ ቢወርድ ምን ነበረበት? አይወርድም። ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሱፍ ልብሱ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። አነሳኋቸው። ሌንሱ ድምፅ የለውም፣ ብርሃን የለውም። ኃላፊው እንደ ቆሙ ቀሩ። ተነስተዋል ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው።

«መቼ?» አሉኝ ከመድረኩ ላይ።

«አሁን፣ ጌታዬ።»

«ኧረ አልበራም!»

ቀጥሎ አንድ ባለጋቢ ነጋዴ ወጣ፤ ለጠፈ፣ ዞረ፣ ቆመ። ሦስተኛው ተከተለ። ካልበራ አንወርድም ብለው የተማማሉ ይመስል ትከሻ ለትከሻ ገጥመው እኔን ያያሉ። ዝናሽ ከኋላቸው ትዘፍናለች፤ ድምፅዋ ይሰማል፣ እሷ የለችም። ያኔ ነው የነቃሁት። እኔ ራሴ እኮ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በቀትር ፀሐይ ሳይቀር ፍላሽ ሳበራ የኖርኩት ለምን ነበር? ካልበራ ተነሳሁ ብሎ የሚያምን ሰው ስለሌለ ነው! ይህን የሰቆጣ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እኔ ብቻ በጺማም ሰውዬ ምክር ረሳሁት።

ጌጡ ግድግዳውን ተደግፎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ኩራቴን ዋጥኩና ሄድኩበት። «ጌጡ ወንድሜ፣ በሞቴ አብራላቸው!» አልኩት። ማንሳት ነው ወይስ ማብራት ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። ማብራት ብቻ! ፍላሹን ከካሜራው ነቅሎ ወደ ላይ ያዘና ለቀቀባቸው። ወዲያው ሦስቱም ለጌጡ እጅ ነስተው ወረዱ። እፎይ ብዬ ሌንሴን ሳነሳ ምን ባይ ጥሩ ነው? ብልጭታውን ያየ ሕዝብ ፎቶ ተጀመረ ብሎ ብር በእጁ ይዞ ወደ መድረኩ ይጎርፋል።

ያን ጊዜ እትዬ ትርንጎ ተነሱ። ደረጃውን እንዴት እንደወጡት አላየሁም። «ውረዱ! ልጄን ከለላችሁብኝ እኮ!» ብለው ሲጮኹ፣ የወጣው ሁሉ መንገድ ሰጠ። መድረኩ ጠራ። ከእትዬ ትርንጎ በቀር ማንም አልቀረም። እሳቸውም ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። እጃቸውን ወደ ታች ዘረጉ። ከንፈራቸውን ገጠሙ። ከልጃቸው ፊት ቀጥ ብለው ቆመው መብራቱን መጠበቅ ጀመሩ። «እትዬ፣ ፈቀቅ ይበሉ!» ብዬ ጮህኩ። ፎቶ ሲነሱ መንቀሳቀስ የለም እኮ! የጌጡ ፍላሽ በበኩሉ ደክሞ ፉጨት ብቻ ያሰማል። ዘፈኑ አለቀ፤ የዝናሽ ተራ ደግሞ ያቺው አንዲት ዘፈን ብቻ ነበረች።

በማግስቱ እናትና ልጅ ስቱዲዮ መጡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፎቶዎቹን በኮምፒዩተር አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ጥራታቸው፣ እውነት ለመናገር፣ ያስደነግጣል። የኃላፊው አፍንጫ ላይ ያለችው ላብ ሳትቀር ትታያለች። ዝናሽ ግን ተበታትናለች፤ እዚህ ሹሩባዋ፣ እዚያ ጆሮዋ፣ እዚያ ማዶ እጇ። ያፈርኩትን ያህል በዕድሜዬ አፍሬ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ዝናሽ እናቷ ፊት ለፊት የተገተሩበትን አይታ በሳቅ ወደቀች።

«ይኼን ለኔ አጥብልኝ» አለች። «እዚያ ሄጄ ማን ይቆጣኛል?»

ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። እኔም መስተካከል የማያሻውን የኮምፒዩተር ገመድ ማስተካከል ጀመርኩ።

እትዬ ትርንጎ አልሰሟትም። ዓይናቸውን ከኮምፒዩተሩ ላይ አልነቀሉም። ድንገት ጣታቸውን ሰደዱና፣ «ይኸው!» አሉ። በኃላፊውና በባለጋቢው ትከሻ መካከል፣ ከኃላፊው ጆሮ ሥር፣ የዝናሽ አፍ አለ። አፏ ብቻ። ተከፍቷል፤ ጥርሷ ይታያል፤ ቃሉ እየወጣ ነው። «እሷ ናት። ይቺ ናት ልጄ» አሉ። ሁለቱን ሰዎች ልቁረጥልዎት ወይ አልኳቸው። «ተዋቸው» አሉኝ። «እነሱ ባይኖሩ ማን ፊት እንደዘፈነች በምን ይታወቃል?»

በትልቁ አሳትሜ ሰጠኋቸው። ዝናሽ በሳምንቱ ሄደች።

ከሄደች በኋላ ኃላፊው ራሳቸው ስቱዲዮዬ ከች አሉ። ባህላችንን ሲያበረታቱ የተነሱትን ፎቶ ለቢሯቸው ግድግዳ ፈልገው ነው። ያንኑ ፎቶ አወጣሁላቸው፤ ከሁሉ እሱ ላይ ያምሩ ነበር። ረክተው ሲያዩት ቆዩና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ከጆሮዬ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

«የዘፋኟ አፍ ነው።»

«እና እዚያ ምን ይሠራል?»

«ይዘፍናል፣ ጌታዬ።»

«አጥፋልኝ» አሉ።

እኔ እኮ ለስንቱ መላጣ ፀጉር ያበቀልኩ፣ ለስንቱ ክራባት ያላሰረ ክራባት ያሰርኩ ሰው ነኝ። እምቢ ብዬ አላውቅም። የዚያን ቀን ግን እጄን ከኮምፒዩተሩ አነሳሁ።

«አፉ አይነካም፣ ጌታዬ» አልኳቸው። «ቦታው ከጠበበዎት ግን እርስዎን ላወጣዎት እችላለሁ።»